ኬኩ ለምን ዘመመ? ቴክኒሻን ከመጥራታችሁ በፊት

ለሰንበት ተብሎ ዓርብ የተጋገረ ኬክ በአንድ በኩል አርሮ በሌላው በኩል ሊጥ እንደሆነ ሲወጣ፣ ብዙዎቻችን ወዲያው «ታኑሩ ተበላሽቷል» እንላለን። በትዕዛዝ ኬክ እየጋገሩ ኑሯቸውን ለሚደጉሙ ደግሞ ጉዳቱ ከዕንቁላልና ከዱቄት ያልፋል፤ ደንበኛም ይሄዳል። ቴክኒሻን ቢጠራ፣ ምንም ሳይጠግን የመምጫ ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ኬኩን እንመልከተው። ቅርጹ ራሱ ብዙ ይናገራል።

አንድ ጎኑ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ካለ፦ ታኑሩ ወይም መደርደሪያው ዘሟል ማለት ሊሆን ይችላል። በመጋገሪያው ዕቃ ጥቂት ውሃ ጨምራችሁ በቀዝቃዛው ታኑር ውስጥ አስቀምጡት። ውሃው ወደ አንድ ጥግ ከሄደ መደርደሪያውን ወይም የታኑሩን እግር አስተካክሉ።

አንድ ጎኑ ብቻ ካረረ፦ ታኑሩን በ180 ዲግሪ አሙቁና መደርደሪያውን በተቆራረጠ ዳቦ ሸፍኑት። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ እያያችሁ አውጡት። ቀድሞ የጠቆረው ዳቦ እሳቱ የሚበረታበትን ቦታ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ኬኩ ሁለት ሦስተኛ ጊዜውን ሲጨርስ ዕቃውን አዙሩት።

መሀሉ እንደ ጉብታ አብጦ ከተሰነጠቀ፦ ሙቀቱ በዝቷል። ጠርዙ ቀድሞ ይደርቃል፤ መሀሉ ግን ገና ይነሳል። በቱርቦ የምትጋግሩ ከሆነ የተጻፈውን ሙቀት በ20 ዲግሪ ቀንሱ፤ 180 የተባለው 160 ይሁን። ጥቁር መጋገሪያም ሙቀት ስለሚስብ ጠርዙን ቶሎ ያጠቁራል።

መሀሉ ከሰመጠ፦ በሩ ቀድሞ ተከፍቷል፣ ኬኩ ሳይበስል ወጥቷል፣ ወይም የመጋገሪያ ዱቄቱ በዝቷል።

እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ከላይም ከታችም እሳት ያደርጉ የነበረው ሙቀቱ እኩል እንዲዳረስ ነው። የኬክም ነገር ያው ነው፤ ዕቃውን ከመሀለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በቁልፉ ላይ የተጻፈው ቁጥርና እውነተኛው ሙቀትም ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የታኑር ቴርሞሜትር መሀል ላይ አድርጋችሁ ከ20 ደቂቃ በኋላ ደጋግማችሁ አንብቡ። ልዩነቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ቁልፉን በዚያው ልክ ማስተካከል ይበቃል።

ቴክኒሻን የሚያስፈልገው ማራገቢያው ሳይዞር ሲቀር፣ ከላይ ወይም ከታች ያለው ማሞቂያ ሳይግል ሲቀር፣ ወይም የበሩ ጎማ ሲቀደድ ነው። የኤሌክትሪኩን ክፍል ራሳችሁ አትክፈቱ። ስትደውሉ የመምጫው ዋጋ ስንት እንደሆነና ከጥገናው ሒሳብ ይቀነስ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። ታኑሩ ከተገዛ ዓመት ካልሞላው ደግሞ ወደ ሌላ ሰው ከመደወላችሁ በፊት የዋስትና ወረቀቱን ፈልጉ።

ለሽያጭ የምትጋግሩ፣ መደርደሪያውን፣ ዲግሪውንና ደቂቃውን በደብተር ጻፉ፤ የሠመረውን ኬክ ለመድገም ይረዳችኋል። ሥራውን ከማስፋፋታችሁ በፊትም ስለ ንግድ ፈቃድ የከተማችሁን ኢሪያ ጠይቁ። አዲስ ታኑር ለመግዛት የታሰበው ገንዘብ፣ ከአንድ ዳቦና ከአንድ ቴርሞሜትር በኋላ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ሊቀር ይችላል።