የአባት ፊት የናፈቃቸው ልጆች

በነጌሌ ቦረና የገበያ ቀን ሲመሽ አባት ግመሉን ሸጦ ይገባል። ስለ ዋጋው ከጎረቤት ጋር ያወጋል፤ ደብተሩን ይዞ በር ላይ የቆመውን ልጁን ግን ቀና ብሎ አላየውም። ውድ አንባቢያን፣ ይህን ልጅ በሐሳባችን ፈጠርነው እንጂ ከፊልቱ እስከ ሞያሌ በስንቱ ቤት ይገኛል!

የልብ ወለድ ደራሲዎችም ያውቁታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ጠያቂዎቿን እየመለሰ ሰብለ ወንጌልን ቤት አስቀራት። በመጨረሻ ስትወጣም ያለ አባቷ ምርቃት ነበር።

በሱረቱ ዩሱፍ የምናገኘው ግን ልብ ወለድ አይደለም። የዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ወንድሞች ለዚያ ጉድጓድ ያነሳሳቸው ሀብት አልነበረም፤ የአባታቸው የያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ፊት ለእነሱ ብቻ እንዲሆን ፈልገው ነው። ጥፋቱ የእነሱ ነው፤ ነቢዩ ያዕቁብ አላጠፉም። ጥማቱ ግን የየቤታችን ነው።

በሺር ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ.) ለልጃቸው ለኑዕማን ስጦታ ሰጡ። እናትየው ዐምራህ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካልመሰከሩበት አልወድም አሉ። ነቢዩም ለሌሎቹ ልጆች እንዲሁ ሰጥተው እንደሆነ ጠየቁ። አለመስጠታቸውን ሲሰሙ አልመሰከሩም፤ በልጆቻቸው መካከል ፍትሕ እንዲያደርጉ አዘዙ እንጂ። ልጅ እኮ ስጦታን የሚቆጥረው በብር አይደለም! በሺርም ስጦታውን መልሰው ወሰዱ። ይህን ሐዲስ ያስተላለፈልን ስጦታው የተወሰደበት ልጅ፣ ኑዕማን ራሱ ነው።