ሣር ግጦ አዳሪው ጭላዳ

መካነ ሰላም የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። «ብቅ በልና ደንቆሮን ላሳይህ» እያለ ሲወተውተኝ ቆይቶ ባለፈው ጥቅምት ለሦስት ቀን ዕረፍት ከደሴ በአቅስታ በኩል ተሳፈርኩ። በካርታ ሲታይ አገሩ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ እንኳ አይርቅም፤ ጂኦግራፊ መምህራችን «ሞቃታማው ቀጠና» ይሉት የነበረው ውስጥ ነው። ከተማዋ ግን 2,600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። የመጀመሪያውን ሌሊት በሁለት ጋቢ አደርኩ።

ደንቆሮ የጫካው የቆየ ስም ነው። በ2001 ዓ.ም. በፓርክነት ተከለለ፤ ዛሬ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ይባላል። ከታች ወይራና ጽድ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያ አስታ፣ ከሁሉም በላይ ጓሳና ጅብራ። ነብርም፣ ቀይ ቀበሮም፣ ጉሬዛም፣ ድኩላም አለበት። ነብሩን አላየሁም፤ ድኩላዋም ጀርባዋን አሳይታኝ አስታው ውስጥ ገባች። ጧቱን ሙሉ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ የታየልኝ ጭላዳ ነውና የማስተዋውቃችሁ እሱን ነው።

ጭላዳ የሚያድረው ጅብና ነብር በቀላሉ በማይደርስበት ገደል ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣል። ከጧቱ 1 ሰዓት ገደማ አፋፉ ላይ ስንደርስ ጤዛው አልረገፈም። ጓደኛዬ ክንዴን ያዝ አድርጎ «ቁጭ በል፤ የቆመ ሰው ያስደነግጣቸዋል» አለኝ። ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ አንዲት እናት ልጇን አዝላ አሥር እርምጃ ያህል ቀርባን አረፈች። የሰማሁት ጩኸት አይደለም፤ የሣር መነጨት ነው፤ አሮጌ ጨርቅ ቀስ ብሎ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ።

በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ትነጫለች፤ በቀኝ፣ በግራ፣ በቀኝ፣ በግራ። መዳፏ ሲሞላ ወደ አፏ። ፊቷ ያለው ሣር ሲያልቅባት ብድግ አትልም፤ በቂጧ ተንሸራታ አንድ ክንድ ያህል ትጠጋና ሥራዋን ትቀጥላለች። መቀመጫዋ እንደ ትራስ የደለበው ለዚህ ነው። ውሎዋ ሁሉ እንዲህ ነው።

ከጦጣና ዝንጀሮ ወገን ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ከጭላዳ ሌላ የለም። ሜዳው ለምለም ሲሆን ከምግቡ 90 በመቶ ያህሉ ሣር ነው፤ በበጋ ሲደርቅ ሥር ቆፍሮ ይበላል። እኔን ብትጠይቁኝ ጭላዳ ኑሮው የሚገባችሁ ከዝንጀሮ ይልቅ ከበግ ጋር ስትቆጥሩት ነው። ግጦሹ ካለ አለ፤ ከታረሰ የለም። ሣር በል ዘመዶቹ በጥንት ዘመን ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔንና ህንድ ተሰራጭተው እንደነበር ቅሪተ አካላቸው ይመሰክራል። ዛሬ የቀረው እሱ ብቻ፣ ያውም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው «ጌላዳ» ብሎ መዘገበው።

ቤተሰቡ አንድ አባወራና ጥቂት ሚስቶች ናቸው። አባወራው ጎፈሩን ነስንሶ፣ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ገልጦ ሲንጎራደድ የቤቱ ጌታ ይመስላል። አትመኑት። ሴቶቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ አብረው ይኖራሉ፤ የሚለዋወጠው እሱ ነው። ጎረምሳ መጥቶ ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱን ካሳየው ጠብ ሊነሣ ነው። አዲሱ አባወራ ካሸነፈ ጨቅላዎቹን ሊገድል ይችላል። በሰሜን ተራሮች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ እርጉዝ ከሆኑት ሴቶችም አብዛኞቹን ያስወርዳቸዋል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያ ሰላማዊ የሚመስል ሜዳ ሌላ ሆኖ ይታየኛል።

ከቀይ ቀበሮ ጋር ያለው ጉርብትና ደግሞ የሚገርም ነው። በመንዝ ጓሳ ተመራማሪዎች ሲከታተሉ፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ያህል ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ። እሱም የጭላዳ ግልገል አይነካም ማለት ይቻላል፤ እነሱም አይሸሹትም።

ከገበሬው ጋር ግን እንዲህ አይደለም። ስንመለስ የገብስ ማሳ ዳር ወንጭፍ የያዘ ልጅ ቆሞ አገኘን። ጥቅምት ገብሱ የሚያሸትበት ወር ነው፤ ለጭላዳ ገብስም ያው ሣር ነው፣ ያውም የጣፈጠ። ማሳው ወደ ገደሉ አፋፍ በተጠጋ ቁጥር መንጋውም ወደ ማሳው መምጣቱ አይቀርም። ልጁ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላል። ስለ ፓርክ ጥበቃ የሚያወራ ሰው መጀመሪያ ለዚህ ልጅ መልስ ያዘጋጅ።

መሄድ ያሰባችሁ ክረምቱ እንዳለፈ ሂዱ፤ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ሜዳው ከርቀት ይታያል። ጋቢ አትርሱ። ገደሉ አፋፍ ስትደርሱ ተቀመጡ፤ ዳቦ ግን እንዳትወረውሩላቸው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ መንጋ ነገ የሚገባው እዚያ ልጅ ማሳ ውስጥ ነው።