ሽፋኑ ከድምፁ ቀድሞ ምን ይላል? የዩሱፍ ኢስላም አልበሞች እንደ ማሳያ

በካሴት ዘመን ያደግን ሰዎች መርካቶ አንዋር መስጂድ ዙሪያ ወዳሉት መሸጫዎች ስንሄድ የምንፈልገውን ለማግኘት ሻጩን መጠየቅ ብዙም አያስፈልገንም ነበር። አረንጓዴው የመዲና ቁባ ወይም ካዕባ ካለበት መንዙማ ወይም ነሺዳ ነው። ሚክሮፎን ፊት የተቀመጠ ሸህ ከታየ ዳዕዋ ነው። ቁርኣን በረሕል ላይ ተዘርግቶ ከሆነ ቲላዋ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን እንኳ አይሳሳቱም። ሽፋኑ የሚነበብ ሳይሆን የሚታወቅ ነገር ነበር።

ይህን ያስታወሰን አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ነው። የመጀመሪያ ነሺዳውን ሊለቅ ሲል ያሠራውን ሽፋን በስልክ ልኮ አስተያየት ጠየቀን። ምስሉ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል፤ ከኋላው የሌሊት ከተማ መብራት ያብረቀርቃል፤ ስሙ በወርቃማ ፊደል የምስሉን እኩሌታ ይዟል። ድምፁን ከፍተን ስናዳምጥ ግን በነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ናፍቆት ላይ የተሠራ፣ ረጋ ያለ፣ ልብ የሚነካ ሥራ ነው። ዓይናችን ያየውና ጆሯችን የሰማው አልገናኝ አሉን። "ለምን እንዲህ ሆነ?" ስንለው "ዲዛይነሩ አሁን የሚሸጠው እንዲህ ነው ብሎኝ ነው" አለን።

ዲዛይነሩ ፈጽሞ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። የሙዚቃ ሽፋን ሲጀመርም ለመሸጥ የመጣ ነገር ነው። በጥንቱ ሸክላ አንድ ገጽ ላይ የሚገባው ድምፅ ከአራት ደቂቃ ብዙም አይዘልም ነበር። ስለዚህ ረጅም ሥራ በብዙ ሸክላዎች ተከፋፍሎ እንደ ፎቶ አልበም በተጠረዘ ደብተር ውስጥ ይሸጥ ነበር፤ "አልበም" የሚለው ስያሜም ከዚያ የቀረ ነው። የደብተሩ ሽፋን በአብዛኛው ጽሑፍ ብቻ ያለበት ግራጫ ወይም ቡናማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ አሌክስ ስታይንዋይስ የተባለ ወጣት ዲዛይነር ኮሎምቢያ የተባለውን የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ በሥዕል እንዲሸፍን አሳመነ። ከዚያ ወዲህ ሽፋን የሌለው ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል።

ቀስ በቀስ እያንዳንዱ የሙዚቃ ስልት የራሱን ልብስ ለበሰ። የብሉ ኖት ኩባንያ የጃዝ ሸክላዎች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሪድ ማይልስ እጅ ሲዘጋጁ አንድ ወይም ሁለት ቀለም የተቀባ ፎቶና ደፋር ፊደል ነበራቸው፤ ገዢው ከሩቅ አይቶ ጃዝ መሆኑን ያውቃል። የጀርመኑ ዶይቸ ግራሞፎን ለክላሲካል ሥራዎቹ የታወቀውን ቢጫ ምልክት ያደርጋል። የሄቪ ሜታል ቡድኖች ስማቸውን እንደ እሾህ በተወሳሰበ ፊደል ይጽፋሉ፤ እንግዳ ሰው ማንበብ ቢያቅተው ለእነርሱ ምንም አይደለም፣ የሚፈልጉት የራሳቸው ሰው እንዲለያቸው ነው። በአሜሪካ ደግሞ በ1985 ወላጆች ያነሡት አቤቱታ ጸያፍ ቃል ባለባቸው አልበሞች ላይ ማሳሰቢያ እንዲለጠፍ አደረገ፤ በ1990 ምልክቱ አንድ ወጥ የጥቁርና ነጭ መልክ ያዘ። ታዳጊዎች ግን ምልክቱን እየፈለጉ ይገዙ ጀመር። ለማስጠንቀቅ የመጣ ምልክት ማስታወቂያ ሆኖ አረፈው።

አንዳንዴ ደግሞ ልብሱን የሚያለብሰው ሌላ ሰው ነው። በ1987 ለንደን ውስጥ የተሰበሰቡ የሸክላ አሳታሚዎች ከአፍሪካና ከእስያ የሚመጣውን ሁሉ "ወርልድ ሚውዚክ" በሚል አንድ መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ ተስማሙ። የፓኪስታናዊው የኑስረት ፈተህ ዐሊ ኻን ቀዋሊ፣ ማለትም በሱፍዮች መድረክ ላይ ሲዜም የኖረ ውዳሴ፣ ለምዕራባውያን አድማጮች የቀረበው በዚሁ ስም ሥር ነው። ሰውየው አንድ ነው፤ ድምፁም ያው ነው። ላሆር ውስጥ ዚክር ለሚያውቅ የተሸጠው ለንደን ላይ ሩቅ አገር ለናፈቀው ሰው ተሸጠ።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያስተምረን የዩሱፍ ኢስላም ጉዳይ ነው። (የሙዚቃ መሣሪያን ሑክም በተመለከተ በዑለሞች መካከል ያለው ኺላፍ የታወቀ ነው፤ እዚህ አንገባበትም። የያዝነው ሽፋኑን ነው።) በ1948 ለንደን የተወለዱት እኚህ ሰው በ1967 የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ ስማቸው ካት ስቲቨንስ ነበር፤ በሽፋኑ ላይ የምናገኘውም የወጣት ኮከብ ፎቶ ነው። የዘመኑ ፖፕ ሙዚቃ የሚጠይቀው ፊት ነው፤ ፊታቸውን ሸጡላቸው። ከዚያ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ለወራት ሆስፒታል ተኙ። ሲወጡ ድምፃቸውም ጥያቄያቸውም ተለውጧል፤ በአንድ ጊታር የሚዜም፣ ስለ ሕይወትና ሞት የሚጠይቅ ዜማ ሆነ። ሽፋኑም አብሮ ተለወጠ። ሥዕል የተማሩ ስለነበሩ ከ1970 ጀምሮ በራሳቸው እጅ ይስሉ ጀመር። "ሞና ቦን ጃኮን" ላይ የሳሉት እንባ የሚያወርድ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው! በዚያው ዓመት በወጣው "ቲ ፎር ዘ ቲለርማን" ላይ ቀይ ጺም ያለው ገበሬ ሻይ ይጠጣል፤ ልጆች አጠገቡ ይጫወታሉ። በ1971 የወጣው "ቲዘር ኤንድ ዘ ፋየርካት" ደግሞ ባርኔጣ ያደረገ ልጅና ብርቱካንማ ድመት አለው። የተረት መጽሐፍ ይመስላሉ። የዘፋኙ ፊት የለም። ገዢው ሸክላውን ሲያነሳ "ይህ ሰው ሊያጫውተኝ ነው" አይልም፤ "አንድ ነገር ሊነግረኝ ነው" ይላል።

ቀጥሎ የመጡትን ርዕሶች ብቻ ብናይ ሰውየው ወዴት እየሄዱ እንደነበር ይገባናል። የ1972ቱ አልበም ስያሜ ከዜን ቡድሂዝም የተወሰደ ነው፤ የ1974ቱ ርዕስ ራሱ ቡድሃን ይጠራል። መንገድ የጠፋበት ሰው በየቤቱ በር ሲያንኳኳ እናያለን። በ1976 ማሊቡ ባሕር ላይ ሊሰጥሙ ሲሉ አላህ ቢያወጣቸው ሊያገለግሉት ቃል ገቡ፤ ወንድማቸው የቁርኣን ትርጉም ሰጧቸው፤ በ1977 መጨረሻ ሰለሙ። በ1978 ስማቸውን ወደ ዩሱፍ ኢስላም ለወጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው አልበም ግን ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ካት ስቲቨንስ ነው። ሰውየው ከስሙ ወጥቷል፤ ሽፋኑ ገና አልሰማም።

ከዚያ ረጅም ዝምታ መጣ። በ1983 ለንደን ውስጥ የሙስሊም ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1995 ሲመለሱ ያቀረቡት ዘፈን ሳይሆን በንግግር የተተረከ የነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ሕይወት ታሪክ ነው፤ ነሺዳውም በድምፅና በከበሮ ብቻ። እንዲህ ያለ ሥራ ዲዛይነሩን ይፈትነዋል። ባለታሪኩ የማይሳሉ ናቸው፤ የተራኪውን ፊት አጉልቶ ማውጣት ደግሞ ከአደብ ይጋጫል። የነሺዳ ሽፋኖች ቁባ፣ የዐረብኛ ኸጥና የሐረግ ጌጥ የሚበዛባቸው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፤ በሰው ምስል ላይ ያለው የሥዕል ኺላፍም አንዱ ምክንያት ነው። በ2000 የወጣው "ኤ ኢዝ ፎር አላህ" ደግሞ ከድምፁ ጋር የልጆች መጽሐፍ አለው። በአስተማሪነት ያሳለፍን ሰዎች እንዲህ ያለውን ሥራ ስናይ ዕቃው ለማን እንደታሰበ ገልጸን ሳናየው እናውቃለን፤ ቦታው የሙዚቃ መደርደሪያ ሳይሆን የክፍል ጠረጴዛ ነው።

በ2006 በጊታር ሲመለሱ ብዙ ሙስሊሞች ግራ ተጋቡ፤ የድሮ አድናቂዎቻቸውም እንዲሁ። አልበሙ "አን አዘር ካፕ"፣ ሌላ ስኒ፣ ተባለ፤ የ1970ውን ሻይ ለሚያስታውስ መልእክቱ ግልጽ ነው። ስማቸውም "ዩሱፍ" ብቻ ተብሎ ወጣ። በኋላ በ2017 "ዩሱፍ / ካት ስቲቨንስ" ሆነ። ያቺን ጭረት አንዳንዶች ወደ ኋላ መመለስ አድርገው አዩዋት። እኛ ግን እንዲያ አናያትም። ሃምሳ ዓመት በአንድ ስም የታወቀ ሰው ያለፈውን ሳይክድ ዛሬ ማን እንደሆነ አስቀድሞ መጻፉ ነው፤ ዩሱፍ የሚለው ስም ፊት የቆመው በአጋጣሚ አይመስለንም። በ2020 የገበሬውን አልበም እንደገና ሲቀርጹት ሽፋኑ ላይ ያው ገበሬ በጠፈርተኛ ልብስ ተመልሷል፤ ዙሪያው ጨልሟል፤ ልጆቹም ስልክ ይዘዋል።

ስልክ ካነሳን አይቀር፣ የተማሪያችን ችግር አንዱ ምንጭ እዚያ ነው። የሸክላ ሽፋን በየጎኑ 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ ሥዕልም ግጥምም ይችላል። ሲዲ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር አወረደው። ዛሬ በስልክ ላይ የሚታየው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በዚያ መጠን ረቂቅ ኸጥ ይደበዝዛል፣ ቁባው ነጥብ ይሆናል፤ የሚለየው ፊትና ትልቅ ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ ዲዛይነሩ ፊቱን ያተልቀዋል፤ ፊት ሲተልቅ ደግሞ ነሺዳው ሳያስበው የፖፕ ልብስ ይለብሳል። መውጫ መንገድ ግን አለ፤ አንድ ቅርጽ፣ አንድ ቀለምና ሁለት ቃል በጥፍር መጠንም በደንብ ይታያሉ።

ይህንኑ ለተማሪያችን በረጅሙ ጻፍንለት። ከሦስት ቀን በኋላ አዲስ ሽፋን ላከልን። የሌሊቱ ከተማ ጠፍቷል፤ በቦታው ጠቆር ያለ አረንጓዴ መደብና የነሺዳው ርዕስ ብቻ በነጭ ፊደል አለ፤ የእሱ ስም ከግርጌ በትንሹ ተጽፏል። ከሥሩም "ኡስታዝ፣ መነጽሩን ለሚቀጥለው ሥራ አስቀምጬዋለሁ" የሚል መልእክት ነበር።