ሙያና ሥፍራ፤ የአውስትራሊያ የክፍለ ሀገር ቪዛና ሥራ ፈላጊው ባለሙያ

ነጋዴ ዕቃውን ጭኖ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገሮችን ይመረምራል፤ አንደኛው የዕቃው ጥራት፣ ሁለተኛው የገበያው ስፋት ነው። ዕቃው መልካም ቢሆንም ገበያው በአንድ ወረዳ የተከለለ እንደ ሆነ፣ ዋጋውን የሚወስነው ጥራቱ ብቻ ሳይሆን በዚያ ወረዳ የሚገኘው የገዥ ብዛትና እምነት ነው። ይህ ደንብ ለቡናና ለቆዳ፣ ለጨርቅና ለብረታ ብረት ብቻ የሚሠራ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን የሰው ሙያም ከአገር ወደ አገር ሲሻገር በዚሁ ደንብ ሲገዛ እናያለን።

የዛሬው ጽሑፋችን በአውስትራሊያ ስለሚሠራበት የክፍለ ሀገር ቪዛ ነው። ጉዳዩ ከእኛ የራቀ ቢመስልም ነጋዴውን በሁለት በኩል ይነካዋል። በአንድ በኩል ከሒሳብ ሠራተኞቻችን፣ ከመካኒኮቻችንና ከኤሌክትሪክ ባለሙያዎቻችን መካከል በዚህ መንገድ ለመሄድ የሚያስቡ አሉ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ የሚጠይቁትም እኛኑ ነው። በሌላ በኩል እዚያ ደርሰው ደጅ የሚጠኑት እንደ እኛው ያለውን ባለሱቅ፣ አስመጪና ባለፋብሪካ ነው። ስለዚህ የባለሙያው ዕድል በሁለት ነጋዴዎች እጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ማስረጃውን በሚጽፈውና ማስረጃውን በሚያነበው። (ስለ አውስትራሊያና ስለ ካናዳ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የሕጉ አካሄድ

አውስትራሊያ ባለሙያን በነጥብ እየመዘነች መቀበል ከጀመረች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ነጥቡ የሚሰጠው በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በእንግሊዝኛ ችሎታና በሥራ ልምድ ነው። ይሁን እንጂ ከመጤው አብዛኛው በታላላቆቹ ከተሞች ሲከማች፣ ሌላው አገር ሐኪም፣ መምህርና የእጅ ባለሙያ ማጣቱን መንግሥት ስለ ተመለከተ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሰውን ወደ ሌሎቹ ሥፍራዎች የሚመሩ ልዩ ልዩ ፈቃዶችን አወጣ። ዛሬ የሚሠራባቸው ሁለቱ ዋና ፈቃዶች፣ ማለት ቍጥር 491 እና ቍጥር 494፣ የተጀመሩት በኖቬምበር 16 ቀን 2019 ነው።

ቍጥር 491 የሚሰጠው ከግዛቶቹ መንግሥታት አንዱ ሲጠቁመው፣ ወይም በተወሰነው ሥፍራ የሚኖር የሥጋ ዘመድ ዋስ ሲሆነው ነው። አመልካቹ በተጋበዘበት ቀን ዕድሜው ከ45 ዓመት በታች መሆን አለበት፤ ዝቅተኛው ነጥብም 65 ነው። ጥቆማው ወይም ዋስትናው ብቻውን 15 ነጥብ ይጨምርለታል። ቪዛው ለአምስት ዓመት ይጸናል። በእነዚህም ዓመታት ባለቪዛው መኖር፣ መሥራትና መማር የሚችለው በተወሰነው የክፍለ ሀገር ሥፍራ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሞልቶት የሦስት የግብር ዓመታት የግብር ውሳኔ ወረቀቱን ሲያቀርብ፣ ቍጥር 191 በተባለው ፈቃድ ቋሚ ነዋሪ ለመሆን ይችላል። ሦስቱን ዓመት ሳይፈጽም ግን ወደ ሌሎቹ ዋና ዋና የባለሙያ ቋሚ ፈቃዶች ለመዛወር ሕጉ አይፈቅድለትም።

ቍጥር 494 ደግሞ አሠሪው ራሱ ጠርቶ የሚያመጣው ሠራተኛ ፈቃድ ነው። ይህኛው ባለቪዛ ከሥፍራው በላይ ከአሠሪውም ጋር የታሰረ ነው። ሥራው ቢቋረጥ ሌላ አሠሪ እንዲፈልግ የሚሰጠው ጊዜ ከጁላይ 2024 ጀምሮ በአንድ ጊዜ እስከ 180 ቀን እንዲደርስ ተደርጓል።

እዚህ ላይ አንባቢ «ክፍለ ሀገር» ሲባል የገጠር መንደር ብቻ እንዳይመስለው ያስፈልጋል። በሕጉ ትርጓሜ ከሲድኒ፣ ከሜልበርንና ከብሪስበን በቀር የቀረው አገር ሁሉ ክፍለ ሀገር ነው። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ፐርዝ፣ አደሌድ፣ ሆባርትና ዳርዊን፣ ዋና ከተማይቱ ካንቤራም ሳትቀር በዚሁ ውስጥ ይቈጠራሉ። በ2024–25 የፕሮግራም ዓመት ከታቀዱት 185,000 ቋሚ የፍልሰት ቦታዎች ውስጥ 33,000 ለክፍለ ሀገር የተመደቡ ነበሩ።

ፈቃድ ተገኘ፤ ሥራውስ?

ነገሩን በምሳሌ ለመግለጥ፣ በአዲስ አበባ በአንድ አስመጪ ድርጅት ለስድስት ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ የነበረ፣ ዕድሜው 31 የሆነ ሰው እናስብ። ለዕድሜው 30፣ ለመጀመሪያ ዲግሪው 15፣ ለልምዱ 10፣ ላለው ደኅና እንግሊዝኛ 10 ነጥብ ቢያገኝ ድምሩ 65 ይሆናል። የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት ቢጠቁመው ወደ 80 ከፍ ይላል። ሙያውንም ሲ.ፒ.ኤ. አውስትራሊያን የመሰለ ማኅበር መርምሮ አጽድቆለታል እንበል። ይህ ሰው ቪዛውን ይዞ ከሚስቱና ከልጁ ጋር አደሌድ ሲደርስ መንግሥት የጠራው መሆኑን ያስባል፤ የጠራው ግን መንግሥት እንጂ አሠሪ አይደለም። ቪዛው የመሥራት መብት ይሰጠዋል፤ ሥራ ግን አይሰጠውም።

የመጀመሪያው ችግር ከወገን መራቅ ነው። የእኛ ሰው ወደማያውቀው አገር ሲሄድ ከዘመድ ቤት ዐርፎ፣ የአገሩን ጠባይ በዘመዱ አፍ ተምሮ፣ በዘመዱ ዋስትና ሥራ ይይዛል። በአውስትራሊያ ከሚኖረው ኢትዮጵያዊ ብዙው ያለው በሜልበርን ነው፤ ፉትስክሬይ በተባለው ሠፈር የኢትዮጵያ ምግብ ቤትና ሱቅ ይገኛል። ሜልበርን ግን ለዚህ ቪዛ የተከለከለች ከተማ ናት። የአጎቱ ልጅ በፉትስክሬይ ሱቅ ቢኖረውና በዚያው ቀን ሥራ ቢሰጠው እንኳ፣ ባለቪዛው ሄዶ መያዝ አይችልም። ቢይዝ ግን ቋሚ ፈቃዱን ሊያሳጣው የሚችል የግዴታ ማፍረስ ይሆንበታል።

ሁለተኛው ችግር የሙያ ምርመራ አንድ ነገር፣ የመሥሪያ ፈቃድ ሌላ ነገር መሆኑ ነው። ለቪዛ ሲባል የጸደቀ ሙያ ሁሉ እዚያ ሲደርሱ ወዲያው የሚሠሩበት አይደለም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከግዛቱ ፈቃድ ማውጣት፣ ነርስ በሙያው መዝገብ መመዝገብ አለባት። የሒሳብ አዋቂውም ለሌላ ሰው በክፍያ የግብር ማስታወቂያ ለማዘጋጀት ቢፈልግ በግብር ባለሙያዎች ቦርድ መመዝገብ ይኖርበታል። የመንግሥት ሥራ እንዳይፈልግም፣ የፌዴራሉ መንግሥት ሠራተኛ በመደበኛው ደንብ የአውስትራሊያ ዜግነት ያለው መሆን ይገባዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው «የዚህ አገር ልምድ አለህን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ልምዱን ለማግኘት ሥራ ያስፈልገዋል፤ ሥራውን ለማግኘት ደግሞ ልምዱን ይጠየቃል። ብዙ ማመልከቻ ልኮ መልስ ያጣ ሰው የቤት ኪራይ ስለማይጠብቀው ሌሊት በመጋዘን ዕቃ ይደረድራል፣ ወይም ታክሲ ይነዳል። ይህም የጥቂት ሰዎች ዕጣ ብቻ አይደለም። የአውስትራሊያ የኢኮኖሚ ልማት ኮሚቴ በ2021 ባወጣው ጥናት፣ በባለሙያነት ቋሚ ፈቃድ ካገኙት ውስጥ ከአራቱ አንዱ ያህል ከሙያው በታች እንደሚሠራ ገልጧል፤ ከ2013 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በዚሁ ምክንያት የቀረው ደመወዝም ቢያንስ 1.25 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መሆኑን ገምቷል። ቋሚ ፈቃድ የያዘውና በወደደው ከተማ ሥራ መፈለግ የሚችለው ሰው እንዲህ ከተቸገረ፣ ገበያው የተከለለበት ሰው ምን ያህል ሊቸገር እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የአሠሪው ስሕተት

ከላይ የተነገረው ችግር ሁሉ ከሕጉ የመጣ አይደለም። ከፊሉ አሠሪው ወረቀቱን አሳስቶ ከማንበቡ የተነሣ ነው። አንድ ባለሱቅ «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል ባየ ጊዜ፣ ይህን ሰው ብቀጥር ዋስ ልሆንለት፣ ለመንግሥትም ልከፍልለት ነው ብሎ ይሠጋል፤ ነገ ጥሎኝ ይሄዳል ብሎም ይጠራጠራል። ሁለቱም ሥጋት ለቍጥር 491 መሠረት የለውም። ባለቪዛው በተወሰነው ሥፍራ ውስጥ ለማንኛውም አሠሪ የመሥራት ሙሉ መብት አለው፤ አሠሪው ዋስ መሆንም ሆነ የሚከፍለው ልዩ ቀረጥ የለበትም። የመሥራት መብቱ የጸና መሆኑን ለማረጋገጥም መንግሥት ቪቮ የተባለ የማጣሪያ መዝገብ ያለ ክፍያ ከፍቶለታል። ስለ መሄዱም ቢሆን፣ ባለቪዛው ወደ ሲድኒም ሆነ ወደ ሜልበርን ሊኮበልል ስለማይችል፣ በክፍለ ሀገር ለሚገኝ ነጋዴ ከዚህ የበለጠ የሚረጋ ሠራተኛ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። መሄጃ የሌለው ሠራተኛ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ እንዲቀበል ማስገደድ የሚያስብ አሠሪ ይኖራል። ይህ ለጊዜው ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን በግድ የተያዘ ሠራተኛ ሦስቱ ዓመት ሲሞላ በማግስቱ ሻንጣውን ያነሣል። አሠሪው ያሠለጠነውን ሰው ያጣል፤ ክፍለ ሀገሩም ሕጉ የወጣበትን ዓላማ ያጣል። በአግባቡ ተከፍሎት፣ ልጆቹን በዚያው ትምህርት ቤት ያስገባና ቤት የሠራ ሰው ግን ቢፈቀድለትም አይሄድም።

በዚህ ረገድ የካናዳን አሠራር ማነጻጸር ይጠቅማል። የካናዳ ክፍላተ ሀገርም ባለሙያን ይጠቁማሉ፤ ነገር ግን የተጠቆመው ሰው የሚያገኘው ቋሚ ነዋሪነት ነው። የ1982ቱ የመብቶች ቻርተርም በአንቀጽ 6 ቋሚ ነዋሪ ወደ ፈለገው ክፍለ ሀገር ሄዶ እንዲሠራ መብት ይሰጠዋል። ካናዳ ሰውን በሥራና በኑሮ ልታቆየው ትሞክራለች፤ አውስትራሊያ አስቀድማ በሕግ ታስረዋለች። የሁለቱም ፍጻሜ ግን በአንድ ነገር ላይ ይንጠለጠላል፤ ይኸውም በዚያ ሥፍራ ለሙያው የሚመጥን ሥራ መኖሩ ነው።

ከእኛ የሚፈለገው

እንግዲህ የእኛ ነጋዴ የአውስትራሊያን ሕግ ሊለውጥ አይችልም። በእጁ ያለውን ግን አጥርቶ መሥራት ይችላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት፣ የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። በብዙ ንግድ ቤቶች የተለመደው ማስረጃ ግን «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በመልካም ጠባይ ሠርቷል» የሚል ሦስት መስመር ነው። ይህ ለውጭ አገር መርማሪ ምንም አይነግረውም።

የተሟላ ማስረጃ የድርጅቱ ስምና አድራሻ በታተመበት ወረቀት ይጻፋል። ሥራው የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን፣ የሥራው መጠሪያ፣ በሳምንት የሚሠራው ሰዓት፣ ደመወዙና በተለይም ሠራተኛው በየቀኑ የሚሠራው ዝርዝር ተግባር ይጻፍበታል። ፊርማና ማኅተም፣ ፈራሚው የሚገኝበት ስልክም ይኖረዋል። የተጻፈው ደመወዝ ከተከፈለው የሥራ ግብርና ከጡረታ መዋጮ ጋር መስማማት አለበት። ለሠራተኛው የጠቀመ መስሎን ዓመት ብንጨምር ወይም ማዕረግ ብናሳድግ ግን ጉዳቱ ለእርሱ ነው፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ያቀረበ አመልካች ቪዛው ከመከልከሉም በላይ ለሦስት ዓመት ሌላ ቪዛ እንዳያገኝ ሊታገድ ይችላል።

ለሚሄደውም ሰው ምክር አለን። ነጥቡን ከመቍጠሩ በፊት በሚጠቁመው ግዛት ለሙያው የሚወጣውን ክፍት ሥራ ይቍጠር። የብዙ ወር ስንቅ ይያዝ፤ ርቀቱ ሰፊ ስለ ሆነ የመንጃ ፈቃድ ለማውጣት አስቀድሞ ይዘጋጅ። የሒሳብ አዋቂ ከሆነም የአገሩን የግብር ሕግ ሳይሄድ ያጥና። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የአውስትራሊያውም በጁላይ 1 ቀን ስለሚጀምር በመካከላቸው ያለው ልዩነት የአንድ ሳምንት ብቻ ነው። እኛ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ስንሰበስብ እነርሱ በዚሁ ዓይነት 10 በመቶ ይሰበስባሉ። ሂሳቡን የሚያውቅ ሰው ሕጉን ለመማር ብዙ ዘመን አያስፈልገውም፤ በአንድ ትንሽ ሱቅ መዝገብ መጀመርም ዝቅ ማለት አይደለም።

በመጨረሻም ይህን ጥያቄ ወደ ራሳችን እንመልሰው። ከውጭ አገር ሙያ ተምሮ የተመለሰ፣ ወይም ከሌላ ክልል የመጣ ሠራተኛ ማመልከቻ ይዞ ከደጃችን ሲቆም፣ እኛም «የዚህ አገር ልምድ» ብለን የምንመልሰው ከሆነ የሩቁን አሠሪ ለመውቀስ መብት አይኖረንም። ወረቀቱን አንብበን፣ ለጥቂት ሳምንት በሥራ ፈትነን፣ እንደ ችሎታው ብንከፍለው፣ እርሱም እንጀራውን ያገኛል፤ የእኛም ንግድ በሰው ወጪ የተዘጋጀ ሙያ ያተርፋል።