ልጅ በአባቱ ቤት ምንደኛ አይደለም

ልጅን ሥራ ማስለመድ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። በቢቸናና በሞጣ አገር ሕፃን እግሩ ከጸና ጀምሮ ጥጃ ያግዳል፤ ኩበት ይለቅማል፤ እንግዳ ሲመጣም ውሃ ይዞ እጅ ያስታጥባል። ዛሬ ግን ልጆቻችን በከተማ ሲያድጉና የገንዘብን ጥቅም ቶሎ ሲያውቁ፣ «ለሚሠሩት ሥራ እንክፈላቸውን?» የሚሉ ወላጆች በዝተዋል። እኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከስሕተቴ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የ9 ዓመት ልጄን ትጉ ላደርገው አስቤ፣ በአሮጌ ደብተር ላይ የሥራ ዋጋ ጻፍሁለት፤ አንድ ጀሪካን ውሃ 2 ብር፣ ግቢ መጥረግ 1 ብር፣ በግ ማስገባት 1 ብር። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ሳይጠሩት ይነሣ ስለ ነበር ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ እናቴ ብርድ ተሰምቷት እሳት እንዲያያይዝላት ለመነችው። እርሱም ደብተሩን ገልጦ ካየ በኋላ፣ «እማማ፣ ይህ እዚህ አልተጻፈም፤ ስንት ነው?» አላት። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላም «አይ ልጄ፣ እኔ ብር የለኝም» ብላ ምርኩዟን ይዛ ራሷ ተነሣች። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ዋጋውን የጻፍሁት እኔ ነበርሁና፣ ጥፋቱ የልጁ አልነበረም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15፣ የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም የአገልግሎቱን ዘመን ቈጥሮ አንድ የፍየል ጠቦት እንኳ እንዳልተሰጠው ሲያማርር እናገኘዋለን። አባቱ ግን ያለው ሁሉ የእርሱም እንደ ሆነ አስታወሰው። ይህ ልጅ ከቤት ሳይወጣ በልቡ ምንደኛ ሆኖ ነበር። ለእያንዳንዱ ሥራ የሚከፍል ወላጅም ይህንኑ ልብ በገዛ እጁ ይዘራል።

ስለዚህ ሥራን፣ ገንዘብንና ሽልማትን ለያይተን ብንይዝ ይበጃል።

ሥራ የቤተ ሰብነት ድርሻ ነው። እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ የትምህርት አድባራት የቆሎ ተማሪ ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፤ ውሃ ይቀዳል፤ የሚከፍለው የለም፤ ነገር ግን የጉባኤው ሰው መሆኑን በዚህ ያውቃል። በቤታችንም የ6 ዓመቱ ሕፃን ዶሮ ያስገባ፤ የ10 ዓመቱ በትንሽ ጀሪካን ውሃ ይቅዳ፤ ወንዱም እንደ እኅቱ ዕቃ ይጠብ። ልክ ግን ያስፈልጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ትምህርቱንና ጤናውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ለከብት ጥበቃ ብሎ ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት በደል እንጂ አስተዳደግ አይደለም።

ገንዘብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አቅም ያለው ወላጅ በየገበያው ቀን፣ ሥራ ሳይቈጥር፣ ለምሳሌ 5 ብር ይስጥ። ልጁም 1 ብር ለነዳይ ወይም ለሙዳየ ምጽዋት በገዛ እጁ ይስጥ፤ 2 ብር ያጠራቅም፤ በቀረው 2 ብር የወደደውን ይግዛ። ባንድ ቀን ቢጨርሰው እስከሚቀጥለው ገበያ አይጨመርለት፤ ማጣትም ያስተምራልና።

ሽልማት ደግሞ አስቀድሞ ዋጋው የማይነገር የደስታ ስጦታ ነው። አባቶቻችን ልጃቸው ዳዊት ሲደግም ድግስ ደግሰው ጎረቤት ይጠሩ ነበር። ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ የክርስትና አባት ለልጁ የሚሰጠው ሙልሙልም በሥራ የሚመዘን አይደለም። ዶሮዎቹን ሲጠብቅ ለከረመ ሕፃን አንዲት ጫጩት አንሥቶ «ይህች ያንተ ናት» ማለት ከብዙ ብር ይበልጣል።

እኔም በማግሥቱ ልጄን ይቅርታ ጠይቄ ደብተሩን አብረን ቀደድነው። ጥቂት ቀን አኵርፎ ውሃ የሚቀዳው በግድ ነበር። አንድ ማታ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ማንም ሳያዝዘው በአያቱ ፊት ተንበርክኮ እሳት ሲያራግብ አገኘሁት። እናቴም እጇን በራሱ ላይ አድርጋ «እደግ፣ ተመንደግ» ትለው ነበር። ልጁ ያንን ምርቃት ተቀብሎ ዝም አለ፤ ስንት ነው ብሎም አልጠየቀም።