ለ97 ሲካፈል 1 የሚቀረው ቁጥር

በጅዳም ሆነ በመካ ትምህርቱን የሚከታተል ኢትዮጵያዊ ተማሪ የባንክ ሒሳብ ሲከፍት፣ 24 ፊደላትና አሃዞች ያሉት «አይባን» የሚባል መለያ ይሰጠዋል። ገንዘብ የሚገባለትም የሚጠፋበትም በዚሁ በኩል ስለሆነ፣ የቁጥሩን ጠባይ ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

ለምሳሌ ያህል በዓለም አቀፉ የአይባን መዝገብ ለሳዑዲ ዓረቢያ በአብነትነት የታተመውን እንመልከት። ይኸውም ኤስ ኤ 03 8000 0000 6080 1016 7519 ነው። ሁለቱ ፊደላት አገሩን፣ 03 ማረጋገጫውን፣ 80 ባንኩን፣ የቀሩት 18 አሃዞች ሒሳቡን ያመለክታሉ። ፊደላቱና 03 ወደ መጨረሻ ይዛወሩና ኤስ በ28፣ ኤ በ10 ይተካሉ። ያን ጊዜ የሚከተለው ባለ 26 አሃዝ ሙሉ ቁጥር ይገኛል፦

80,000,000,608,010,167,519,281,003

አሃዞቹ ሲደመሩ 66 ስለሚሆኑ ቁጥሩ ለ3 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ዋናው ጠባዩ ግን ለ97 ሲካፈል 1 መቅረቱ ነው፤ ትክክለኛ አይባን ሁሉ ይህ ጠባይ አለው። ይህንንም በወረቀት ላይ ቁጥሩን ቆራርጦ በማካፈል ማረጋገጥ ይቻላል። ከ800000006 ቀሪው 72 ነው። 72ን ከቀጣዮቹ ሰባት አሃዞች ፊት ብናስቀምጥ 720801016 ይሆንና 30 ይቀራል። እንደዚሁ ከ307519281 ላይ 84፣ በመጨረሻም ከ84003 ላይ 1 ይቀራል። ድርሻውን ትቶ ቀሪውን ብቻ መያዝ ለባሕረ ሐሳብ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍሎ 1 ቢቀር «ዘመነ ማቴዎስ» የሚለው በዚሁ መንገድ ነውና።

97 ለምን ተመረጠ? ከባለ ሁለት አሃዝ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ ከሌላቸው፣ ትልቁ እሱ ነው። አንድ አሃዝ ብቻ ቢሳሳት ልዩነቱ ከ1 እስከ 9 ያለ ቁጥር ሆኖ ከኋላው ዜሮዎች የተደረደሩለት ነው፤ 97 ይህን ልዩነት ያለ ቀሪ ሊያካፍለው አይችልም። ስለዚህ ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ቢለዋወጡም እንዲሁ ነው። በዐረብኛ አጻጻፍ 5 ክብ ሆኖ ስለሚጻፍ የእኛን 0 ይመስላል። በዚህ የተነሣ 7519 የነበረው 7019 ተብሎ ቢገለበጥ ቀሪው 81 ይሆናል፤ የባንኩም ኮምፒዩተር ቁጥሩን አይቀበልም።

ይሁን እንጂ ቀሪው የሚመሰክረው ስለ አጻጻፉ እንጂ ስለ ባለቤቱ አይደለም። በዘፈቀደ ከተጻፉ ቁጥሮች ከ97 አንዱ ገደማ ያልፋል፤ የአታላይ ሒሳብም ቢሆን ለ97 ሲካፈል 1 ይቀረዋል። ስለሆነም የቤት ኪራይም ሆነ የቲኬት ገንዘብ ከመላካችን በፊት ቁጥሩን እናስላ፤ የባለ ሒሳቡን ስም ግን ከባንኩ ጠይቀን እናረጋግጥ። እሱን ማካፈል አይነግረንምና።