የሚጨስ ምድጃ የጎደለው እንጨት ነው?

«ምርጥ» በሚባለው የእንጀራ ምድጃ ላይ ጭሱ በዝቶ ምጣዱ አልሰማ ሲል፣ ብዙውን ጊዜ እጅ የሚሄደው ወደ እንጨቱ ክምር ነው። ይህ ግን ችግሩን ያብሳል። በአብዛኛው ጭስ ሳይቃጠል ያመለጠ ማገዶ ስለሆነ፣ የጎደለው አየር ወይም ሙቀት እንጂ እንጨት አይደለም። አፉ እስኪጠቀጠቅ የተማገደ ምድጃ አየር በየት በኩል ይግባለት? አመዱን ጠርጎ፣ የጭስ መውጫው በጥላሸት አለመደፈኑን አይቶ፣ በፍልጦቹ መካከል ክፍተት ትቶ መማገድ ይቀድማል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የፍልጡ ጫፍ አረፋ እየደፈቀ ከተንጨረጨረ፣ ጥፋቱ የምድጃው ሳይሆን የእርጥበቱ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት የክብደቱ ግማሽ ያህል ውሃ ሊሆን ይችላል። የፈላ 1 ኪሎ ውሃ ለመትነን ብቻ 2.26 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ይወስዳል፤ ይህ ሙቀት ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል እንጂ ምጣዱን አያሰማም። «እርጥብ እንጨት ቶሎ ስለማያልቅ ይቆጥባል» የሚሉ አሉ። ቶሎ አለማለቁስ እውነት ነው፤ ግን የሚቆየው ውሃውን ሲያተን ነው፣ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ «በክረምት ደረቅ እንጨት ከየት ይመጣል?» የሚለው ነው። መልሱ ከበጋው ይጀምራል፦ ቀጠን አድርጎ መፍለጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ከጣሪያ ክፈፍ ስር መደርደር። ለነገ የሚማገደውንም፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ለብ ካለው ምድጃ አጠገብ ማቆም ይጠቅማል።